የደረቀ ወንዝ ዕዳው በማን ላይ ነው?

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ከመግባቱ በፊት ጉማራን፣ ወረታን ካለፈ በኋላ ደግሞ ርብን ይሻገራል። ሁለቱም ከጉና ተራራ ወርደው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው። በመጋቢትና በሚያዝያ ወደ ታችኛው ርብ ወርዶ ያየ ሰው ግን በብዙ ዓመታት ያገኘው ወንዝ ሳይሆን አሸዋ፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ፣ በዳርና ዳሩ የተደረደረ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ነው። ይኸው ወንዝ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከአልጋው ወጥቶ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሕዝቡን ከቤቱ አፈናቅሏል። በክረምት ያሰጥማል፣ በበጋ ያስጠማል።

እንዲህ ያለውን ወንዝ ዓመቱን ሙሉ እንዲፈስ ለማድረግ ከሕዝብ ካዝና ገንዘብ ማውጣት ይገባልን? ጥያቄው ለመሐንዲስና ለበጀት ክፍል የሚተው ይመስላል። እኔ ግን አስቀድሞ የሐቅ ጥያቄ ነው እላለሁ። ማን ምን ወሰደ? ማንስ ምን ይመልስ?

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ርብን ያደረቀው ክፉ ሰው አይደለም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ለፎገራ ካስተዋወቁ ወዲህ ውሃ የሚተኛበት ያ ሜዳ የሩዝ አገር ሆነ። «ኤክስ-ጅግና» የሚባለውን ዝርያ የማያውቅ የፎገራ ገበሬ የለም። ሩዙ ሲታጨድ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ውሃ ያገኘ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። አነስተኛ ፓምፕ ገዝቶ ከወንዙ የሳበው ገበሬ ልጆቹን ያስተማረበትና ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰበት ይህ ሽንኩርት ነው። አንዱ ፓምፕ ወንዝ አያደርቅም፤ መቶና ሁለት መቶው ግን ያደርቃል። ከላይ ደግሞ የጉና ተዳፋት ደን አጥቶ አፈሩ ይታጠባል፤ ደለሉ ታች ሜዳው ላይ የወንዙን አልጋ ሞልቶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህም የክረምቱ ጎርፍ በቀላሉ ይወጣል፣ የበጋው ውሃ በአሸዋው ውስጥ ይሰርጋል። የሚያጠፋው አንድም ሰው ሳይታይ ጥፋቱ ይደርሳል። ከሳሽም ተከሳሽም የሌለበት ጉዳይ ስለሆነ ለዳኛ ያስቸግራል።

በመርካቶ የሚነግድ አንድ ወዳጄ በዚህ ነገር ላይ አጥብቆ ተከራከረኝ። ክርክሩን ሳላሳንስ ላቅርበው። የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ያልደረሰው ሕዝብ በሞላበት አገር፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ባጣበት አገር፣ ወንዝ ደግሞ እንዲፈስ ገንዘብ ማፍሰስ ቅንጦት አይደለምን? ገበሬው ውሃውን ወደ ምግብ ለውጦታል፤ ጣና የሚገባው ውሃ ለማን ይጠቅማል? ወዳጄ የፊቅህ ንባብ ያለው ሰው በመሆኑ የኢማም አሽ-ሻጢቢን ክፍፍል ጠቀሰልኝ። ደሩሪያት፣ ማለት ያለ እነርሱ ሕይወትና ሃይማኖት የማይቆሙባቸው ነገሮች ይቀድማሉ፤ ሓጂያት፣ ችግርን የሚያቃልሉት ይከተላሉ፤ ተሕሲኒያት፣ የሚያሳምሩትና የሚያስጌጡት በመጨረሻ ይመጣሉ። ወንዝን መመለስ ከሦስተኛው ነው አለኝ።

በአንዳንድ ቦታ እውነቱን ነው። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል ቾንግጌቾን የተባለው ወንዝ በመንገድ ተሸፍኖ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ድረስ 6 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ርዝመት ተከፍቶ እንደገና እንዲፈስ ተደርጓል። ዓለም ያደነቀው ሥራ ነው። ነገር ግን የሚፈሰው ውሃ በአብዛኛው ከትልቁ የሃን ወንዝ በፓምፕ ተስቦ የሚለቀቅ ነው። ከተማው ቀዝቅዟል፣ ነዋሪው ይንሸራሸርበታል፤ ይህ መልካም ነው፤ ግን ጌጥ ነው፣ ጌጥንም መግዛት የሚችል ይገዛዋል። በእኛም ዋና ከተማ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የሸገር ወንዞች ዳርቻ ልማት ለ56 ኪሎ ሜትር 29 ቢሊዮን ብር ተገምቶለት፣ ለአንድ የእራት ወንበር 5 ሚሊዮን ብር የተከፈለበት ነበር። በዚያ ጉዳይ ወዳጄ የሚያነሳውን የቅደም ተከተል ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው።

የፎገራው ግን ከዚህ ይለያል። ለምን ቢባል በርብ ውሃ ላይ የቀደመ ባለ ሐቅ ስላለ ነው።

የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት የውሃን ሐቅ ለሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው «ሐቁ-ሸፈህ» ነው፤ የከንፈር ሐቅ እንደማለት ሲሆን የሰውና የእንስሳ የመጠጥ መብት ነው። ሁለተኛው «ሐቁ-ሺርብ» ነው፤ ይህ እርሻን የማጠጣት መብት ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ይቀድማል። እዚህ ላይ ልብ ይሏል! እንስሳው ከሰው ጎን ተሰልፎ ከማሳው ፊት ቆሟል። የአገራችን የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ውሃን የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። የፊቅሁ ሊቃውንት ግን የላሟንም አፍ ቆጥረዋታል።

ቁርኣን ስለ ሰሙድ ሕዝብ የሚነግረንን እናስታውስ። አላህ (ሱ.ወ.) በነቢዩ ሷሊሕ (ዐ.ሰ.) በኩል ውሃውን በሕዝቡና በአንዲት ግመል መካከል በተራ በተራ አከፋፈለ፤ የእርሷ ቀን የእርሷ፣ የእነርሱ ቀን የእነርሱ። ሕዝቡ ያንን ተራ ማክበር አቅቶት ግመሏን ወጋ፤ መጨረሻውንም ሁላችን እናውቃለን። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ለአንዲት እንስሳ አንድ ሙሉ ቀን መሰጠቱ ነው። የእኛ የመስኖ ኮሚቴዎች ተራ ሲያወጡ ለከብት ቀን ይመድቡ ይሆን?

በፎገራ ባለ ከንፈሩ ብዙ ነው። በወተቷና በውሃማ ሜዳ ላይ መኖር በመቻሏ በአገር የታወቀችው የፎገራ ላም አለች። የበጋ ግጦሿ ወደ ሩዝ ማሳ ተቀይሮ፣ የመጠጥ ውሃዋ ደግሞ ወደ ሽንኩርት መደብ ተስቦ ዝርያዋ እየተመናመነ ነው። በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል በክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን የሚጥሉ አሉ። በዚያ ዓሣና በደንገሉ የኖሩት በጣና ዳርቻ ያሉት የወይጦ ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። ታንኳቸው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ደግሞ ርጥብ ዳርቻ ይፈልጋል። ወዳጄ «ጣና የሚገባው ውሃ ለማን ይጠቅማል?» ሲል እነዚህን ሁሉ ባለ ሐቆች ባዶ ቦታ አድርጎ መቁጠሩ ነው።

የላይኛው ሰው የመቅደም መብት እንዳለው እርግጥ ነው። በመዲና ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ከአንድ አንሷር ጋር በቦይ ውሃ በተጣሉ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የላይኛው ዙበይር አጠጥቶ ወዲያው ለጎረቤቱ እንዲለቅ ነገሩት። አንሷሩ ለዘመድ ማዳላት አድርጎ ሲያየው ግን ዙበይር ሙሉ መብቱን እንዲወስድ፣ ውሃው እስከ ግርግዳው ሥር እስኪደርስ እንዲይዘው ፈረዱ። እንግዲህ የመጀመሪያው ምክር ከመብት በታች መውሰድ ነበር። ሙሉው መብትም ቢሆን ወሰን አለው፤ ወሰኑ ሲሞላ ውሃው ይወርዳል። ወንዙን እስከ ጠብታው የሚጨርስ መብት ለማንም አልተሰጠም።

ባለ ሐቁ የሚገባውን ሲያጣ ሂሳቡ ይጠፋል ማለት አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳል። ይህን ለማየት የሐረማያ ሐይቅን ማስታወስ ይበቃል። ሐረርን ሲያጠጣ የኖረው ሐይቅ በደለል፣ ለጫትና ለአትክልት በሚስቡ ፓምፖች፣ በከተማው የራሱ ቧንቧም ጭምር እየተመጠጠ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ለሐይቁ ተብሎ ያልወጣው ገንዘብ በእጥፍ ወጣ፤ ለሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከከርሰ ምድር እየተሳበ፣ ያንን ሁሉ ዳገት በፓምፕ እየወጣ እንዲመጣ ተደረገ። ያም እስኪሆን የሐረር እናቶች ውሃ በጀሪካን ገዝተዋል። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ከዝናቡና በዙሪያው ከተሠራው የተፋሰስ ሥራ በኋላ መመለሱ የአላህ እዝነት ነው፤ ፓምፖቹም አብረውት እንዳይመለሱ ያሰጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ክፍያው የማን ነው? ቃዲ አቡ ዩሱፍ ለኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ በጻፉት የኸራጅ መጽሐፋቸው እንደ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ያሉ ታላላቅ ወንዞች ግድባቸውና መውረጃቸው ሲበላሽ ወጪው ከበይተል ማል እንዲሆን አድርገዋል፤ ጥቅሙ የሁሉም ነውና። ለተወሰኑ ባለመሬቶች የሚያገለግለውን ቦይ ማጽዳት ግን ተጠቃሚዎቹንም ያስከፍላል። ከእርሳቸውም በፊት ገንዘብ በማባከን የማይታሙት ዑመር (ረ.ዐ.) ከረመዳው ረሀብ በኋላ ከናይል ወደ ቀይ ባሕር ይወርድ የነበረውንና በደለል የተደፈነውን ጥንታዊ ቦይ በዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) እጅ አስቆፍረው የግብጽን እህል በመርከብ ወደ መዲና አስመጥተዋል። (በኋላ ዘመን ኸሊፋ አል-መንሱር መዲና ላይ ያመጸበትን ለማስራብ ሲል ይህንኑ ቦይ አስደፈነው ይባላል፤ ውሃ በባለሥልጣን እጅ ሲገባ እንዲህም ይሆናል።)

ከሁሉ የሳበኝ ግን በኢማም አቡ ሐኒፋና በሁለቱ ደቀ መዛሙርታቸው መካከል ያለው ልዩነት ነው። የጋራ ቦይ ከላይ ወደ ታች ሲጠረግ፣ ጠረጋው የላይኛውን ሰው መሬት ካለፈ በኋላ እርሱ ከወጪው ነጻ ነው አሉ አቡ ሐኒፋ። አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን አይደለም፣ ሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከፍላል አሉ። ምክንያታቸው የላይኛውም ሰው የተረፈ ውሃው የሚወርድበት የታችኛው ቦይ ያስፈልገዋል የሚል ነው። በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ቤቱ የተወሰደበት የፎገራ ሰው ይህን ክርክር ሲሰማ የሁለቱን ደቀ መዛሙርት ፍርድ የሚይዝ ይመስለኛል። የታችኛው ርብ የተዘጋበት የላይኛው ገበሬ በበጋ የሳበው ውሃ በክረምት ተመልሶ ይጎበኘዋል።

በዚህ መለኪያ የእኔ መልስ ይህ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ለርብ ይውጣ፤ ግን ወንዙን እንደ ጥንቱ ሙሉ ለማድረግ ሳይሆን የከንፈር ሐቁ ጣና እስኪደርስ ድረስ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ የወሰደው የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታሰበ ነው። ብዙዎች ግድቡ ተሠራ ማለት ወንዙ ዳነ ማለት ይመስላቸዋል። የተያዘው ውሃ ሁሉ በቦይ ወደ አዲስ ማሳ ከሄደ ግን ታችኛው አልጋ እንደ ደረቀ ይቀራል፤ የሕዝቡም ገንዘብ የአንዱን ሐቅ ወስዶ ለሌላው ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ በበጋ ወደ ወንዙ የሚለቀቀው ውሃ ከማሳው ድርሻ በፊት ይቆጠር። የመስኖው ተጠቃሚም ለቦዩ ይክፈል፤ ፓምፕ ያለውን ድሀ ገበሬ በአንድ ቀን ማስቆም ግን ዙልም ነው።

ደግሞስ ከተሜው ከዕዳው ነጻ ነውን? ፓምፑን ያስነሳው የገበሬው እጅ ነው፤ ሽንኩርቱን የበላው ግን የእኛ አፍ ነው። ዛሬ ከጤፉ ጋር እየተቀላቀለ በእንጀራችን ውስጥ የሚገባው ሩዝ ከየት እንደሚመጣ ባልቴቶቻችን ያውቃሉ። ለሽንኩርቱ ስንከፍል የነዳጁን፣ የጉልበቱንና የደላላውን ከፍለናል፤ የወንዙን አልከፈልንም። ስለዚህ ከግብራችን ተቀንሶ ለርብ የሚሄደው ብር ለፎገራ ሰው የምንሰጠው ሰደቃ አይደለም። ወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም አለ፤ የተስማማ ግን አይመስለኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ጉና ላይ ተዳፋቱን ከግጦሽ ከልሎ፣ ከብቱን አስሮ በማብላት ምንጩ እንዲጎለብት የሚያደርገው ደገኛ ገበሬ ለመኖ የሚያወጣውን ማን ይተካለት? መጻሕፍቱ ስለ ጠረጋ ሲናገሩ ወጪው ከላይ ወደ ታች የሚወርድበትን ሥርዓት በዝርዝር አስቀምጠዋል። ካሳ ከታችኛው ወደ ላይኛው የሚወጣበትን ግን እኔ በደረስኩበት አላገኘሁም። ከዘካ ይሁን፣ ከወቅፍ ይሁን፣ ወይስ በመስኖው ክፍያ ላይ ይታከል፣ የሚያውቁ ኡለማዎቻችን ቢጽፉበት ይህ ዓምድ ለእነርሱ ቦታ አለው።