ጀልባዋን ያየ ማን ነው?

ሰው ያላየውን ነገር አምኖ ሕይወቱን ቢሰጥ፣ ይህ እምነት ነው ወይስ ራስን ለሌላ ሰው ፈቃድ አሳልፎ መስጠት? ጥያቄው የመድረሳ ወይም የፍልስፍና ክፍል ጥያቄ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን አዋሽ ሰባት ኪሎ መኝታ ቤት አስተዳድራለሁ። አባቴ በምድር ባቡር ሠርቶ ጡረታ የወጣ የወሎ ሰው ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ አደግሁ፤ ታናሽ እህቴ ደግሞ ከሰመራ አጠገብ ሎግያ ላይ ቁርስ ቤት አላት። በሁለታችን መካከል ያለው አስፋልት በገዋኔና በሚሌ አልፎ፣ ከእሷ ደጅ ወደ ጋላፊ ድንበርና ወደ ጅቡቲ ይዘልቃል። በዚህ መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ጥያቄው የዕለት ተዕለት ነው።

የጅቡቲ መስመር ሾፌር ክፍል ሳያይ አይከራይም። “እህት፣ መጀመሪያ ክፍሉን አሳይኝ” ይላል። ይገባና ቬንቲሌተሩን ያበራል፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ ንፋሱ ትራሱ ጋ መድረስ አለመድረሱን በእጁ ይሞክራል። የሻወሩን ቧንቧ ከፍቶ ውሃው እስኪመጣ ይጠብቃል። አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ፍራሹን ያያል፤ የበሩን መቀርቀሪያ ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ እንደገና ይዘጋል። በመጨረሻ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ መኪናው ከዚያ ይታይ እንደሆነ ያጣራል። ካልተስማማው “ይቅርታ እህቴ” ብሎ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። አልቀየመውም። ገንዘቡ የእሱ ነው፣ እንቅልፉም የእሱ ነው። ይህ ሁሉ እንግዲህ ለአንድ ሌሊት አዳር ነው።

ሎግያ እህቴ ዘንድ ስሄድ ደግሞ ሌሎች መንገደኞች አያለሁ። አብዛኞቹ ከወሎና ከትግራይ የመጡ፣ ሃያ ዓመት የሞላቸው የማይመስሉ ልጆች ናቸው። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር የተነሱ ናቸው። ሻይ በዳቦ በልተው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ ደላላው ስልክ እስኪደውልላቸው ይጠብቃሉ። አንዱን አጠገቡ ተቀምጬ ጠየቅሁት።

“ከኦቦክ የምትሳፈርባትን ጀልባ ማን አይቷታል?”

“ደላላው ትልቅ ናት ብሎኛል፣ እትዬ።”

“እሱስ አይቷታል?”

ትንሽ አሰበና፣ “እንጃ። አላህ ያውቃል። የተጻፈልኝ አይቀርም” አለኝ።

ልጁ ቀልድ አልተናገረም፤ ከልቡ ነው ያለው። ስለዚህ መልሱን ከልብ መመርመር ይገባል። ቀደርን እኔም አምናለሁ። ከአላህ ዕውቀት ውጭ የሚሆን ነገር እንደሌለ የማያምን ሙስሊም የለም። ነገር ግን በልጁ ንግግር ውስጥ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተቀላቅለዋል። ነገ ምን እንደሚሆን ከሰው ሁሉ ተሰውሯል፤ እሱን ለአላህ መተው እምነት ነው። የጀልባዋ ስፋት፣ ስንት ሰው እንደሚጫንባት፣ ዋና የማይችል መንገደኛ የሚለብሰው ጃኬት ይኑር አይኑር ግን ከሰው የተሰወረ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ያውቀዋል፤ አውቆም ደብቆታል። ሰው የደበቀውን እንደ አላህ ምስጢር ቆጥሮ መቀበል ተወኩል፣ ማለትም በአላህ መመካት፣ ሊባል አይችልም። ለደላላው የማይገባውን ቦታ መስጠት ነው።

የተደበቀው ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሁሌም ከረፈደ ነው። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኦቦክ በስተሰሜን ጎዶሪያ አካባቢ ከጅቡቲ ጠረፍ የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ከልክ በላይ ሰው ጭነው ነበር፤ ገና ከጠረፉ ብዙም ሳይርቁ ተገለበጡና ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚመለሱ ስደተኞችን ጀልባ ነጂዎቹ ገና መሬት ሳይደርሱ ባሕር ውስጥ እንዲዘሉ አስገደዷቸው፤ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 27 ቀን ደግሞ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ በየመን አብየን ጠረፍ ሰጠመች፤ ከተሳፋሪዎቿ የሚበዙት የእኛው ልጆች ነበሩ።

በሌላው ዓለም ለመዝናናት በትልልቅ መርከብ የሚጓዝ ሰው እንኳ በጭፍን አይሳፈርም። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. ስትሰጥም የነበሯት የነፍስ አድን ጀልባዎች ለተሳፋሪዋ ሁሉ አይበቁም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥታት በባሕር ላይ የሰው ሕይወት ስለሚጠበቅበት ሁኔታ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈረሙ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ተጋጭታ 32 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ደግሞ፣ ተሳፋሪው መርከቧ ሳትነሳ ወይም እንደተነሳች በአደጋ ጊዜ የሚሰበሰብበት ቦታ እንዲያሳዩት ደንቡ ጠበቀ። ማየት የተሳፋሪ መብት ሆኖ በሕግ የተጻፈው በብዙ ሬሳ ዋጋ ነው። የሎግያው ልጅ ነፍስ ከእነዚያ ሰዎች ነፍስ በምን ያንሳል?

ሃይማኖታችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገረር ያለበትን ሽያጭ፣ ማለትም ምንነቱና መጨረሻው ያልታወቀ ነገር የሚሸጥበትን ውል ከልክለዋል። ሊቃውንቱ ከዚህ ተነስተው ገዢው ስላላየው ዕቃ ተከራክረዋል። ሐነፊዎች ሽያጩን ይፈቅዱና ገዢው ዕቃውን ባየ ጊዜ የመተው መብት ይሰጡታል። በሻፊዒ መዝሀብ ሚዛን የደፋው አቋም ደግሞ ያልታየ ነገር ሽያጭ ከነጭራሹ አይጸናም የሚል ነው። መንገዳቸው ቢለያይም የገዢው ዓይን መከበር እንዳለበት ሁለቱም ይስማማሉ። ለዕቃ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሸሪዓ፣ ነፍስ ለምትጫንበት ጀልባ ግድ የለውም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

“ታዲያ ሰው ሁሉን ነገር በዓይኑ ማየት ይችላል ወይ?” የሚል ይኖራል። አይችልም። እኔ ጅቡቲን አላየሁም፤ መኖሯን ግን አልጠራጠርም። የምንኖረው በሌላ ሰው ዓይን ጭምር ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ የማንን ዓይን እንበደር የሚለው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከአፋር የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

አፋር መንጋውን ወደ ሌላ ግጦሽ ከማዛወሩ በፊት ቀድሞ ሰው ይልካል፤ ይህ ሥርዓት ኤዶ ይባላል። የሚሄዱት አገሩን የሚያውቁ፣ መንገድ የሚችሉ ወንዶች ናቸው። ሣሩን ያያሉ፣ ውሃውን ያያሉ፣ የከብት በሽታ መኖሩን ያጣራሉ፣ በአካባቢው ሰላም መኖሩን ይጠይቃሉ። ተመልሰው እስኪናገሩ ድረስ መንጋው አይነሳም። በመንገድ የተገናኙ ሁለት አፋሮች ደግሞ ዳጉ የሚሉትን የቃል ወሬ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም፤ ያየኸውን ከሰማኸው ለይተህ ትናገራለህ። በዳጉ መዋሸት ነውር ብቻ ሳይሆን በባህላዊው ሕግ የሚያስቀጣ ነው።

የኤዶ ምስክርነት የሚታመነው ለምንድን ነው? በእግሩ ሄዶ በዓይኑ ስላየ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠይቀው ሊያጣሩት ስለሚችሉ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የራሱም ከብቶች በዚያ መንጋ ውስጥ ስላሉ ነው፤ ቢዋሽ አብሮ ይከስራል። ደላላውን በዚህ መዝኑት። አላየም፤ ሲጠይቁት ይቆጣል ወይም ስልኩን ይዘጋል፤ ጀልባዋ ስትነሳ እሱ የለም። ብትሰጥምም ብትደርስም ገንዘቡ እጁ ገብቷል።

የነቢዩ ባልደረቦች በ615 እ.ኤ.አ. ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ አገራችንን አላዩም ነበር። እሱ ዘንድ ሰው የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ የነገሯቸው ግን አንድም ቀን ዋሽተው የማያውቁት፣ ከስደታቸውም የማይጠቀሙት ነቢያቸው ናቸው። ያም ሆኖ ሁሉም በአንድ ጊዜ አልተነሱም። በመጀመሪያ ጥቂቶች ሄዱ፤ ብዙዎቹ የተከተሉት የንጉሡ ደግነት ከታየ በኋላ ነው። ስደትን የሚያወግዝ ሰው ይህን ታሪክ ያስታውስ፤ በስደት ስም በጭፍን የሚነዳም ያስታውሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። ማየት ዋጋ የሚኖረው “አልፈልግም” ማለት እስከተቻለ ድረስ ነው። ልጆቹ ጀልባዋን የሚያዩት በበረሃው ሙቀት ተዳክመው ኦቦክ ከደረሱ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በጨለማ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ ሲያበቃ ነው። ያን ጊዜ የሚያስፈራሩ ሰዎች ከኋላ ቆመዋል። ይህ ማየት ከምርጫ አይቆጠርም። በሰው መነገድን የሚከለክለው የ2000 እ.ኤ.አ. የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም ለብዝበዛ ተብሎ በማታለል የተገኘ ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም ይላል። የሕጉ ቃል ከህሊና ቃል ጋር አንድ ነው፤ ደብቆ ያስፈረመ ሰው ፈቃድ አላገኘም።

“ባየውስ ምን ይለወጣል? ድህነቱ እንዳለ ነው” የሚለኝን አልንቀውም። የተራበ ቤተሰብ ያለው ልጅ አደጋውን አይቶም ሊሄድ ይችላል፤ እኔ በእሱ ላይ ፈራጅ አይደለሁም። ነገር ግን አይቶ፣ መዝኖ፣ ከእናቱ ጋር ተመካክሮ የወሰነ ሰው ውሳኔው የራሱ ነው። ድሃም ቢሆን ሰውነቱ አልተነጠቀም። ሳያይ የተወሰደ ግን ገንዘቡን ብቻ አይደለም የተቀማው፤ ስለ ነፍሱ የመወሰን መብቱንም ነው።

እንግዲህ ኤዶ የሚሆነን ማን ነው? ሄደው የተመለሱት ናቸው። እናንተ በየመን በኩል አልፋችሁ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ያያችሁትን ተናገሩ። ያማረውን ፎቶ ብቻ አታሳዩ፤ ባሕሩ ላይ የቀረውንም ስሙን ጥሩ። ማፈር የለባችሁም፤ ምስክርነታችሁ ነፍስ ያድናል። ሾፌሮች፣ በመንገድ ያያችሁትን በየቁርስ ቤቱ ለልጆቹ ንገሯቸው። ወላጆችም በሬ ሸጣችሁ ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ጀልባዋን በዓይንህ አይተሃል? ስንት ሰው ትጭናለች? አንተስ ወይም የአንተ ልጅ አብራችሁ ትሳፈራላችሁ? ለሦስተኛው ጥያቄ “አዎ” ብሎ የሚመልስ እስኪመጣ ድረስ ገንዘባችሁንም ልጃችሁንም አትስጡ።