የጦርነት ዕዳ የማን ነው?

ጦርነት እንደ ማናቸውም የሰው ሥራ ጀማሪ አለው። ነገር ግን ከሰው ሥራ ሁሉ ይልቅ ጀማሪው ቶሎ የሚሰወርበት ሥራ እርሱ ነው። ቤት የሠራ ሰው ቤቱ ቢዘምም እንኳ «ሠሪው እኔ ነኝ» ለማለት አያፍርም፤ ገበሬም ሰብሉ ቢበላሽ ዝናሙን ይወቅሳል እንጂ «አላረስሁም» አይልም። ጦርነትን የፈቀደ ሰው ግን ነገሩ እንዳሰበው ሳይሆን ሲቀር «ያ ወገን ነው ያመጣብን» ይላል። ያኛውም ወገን በተራው «እናንተም እጃችሁን አውጥታችሁ ፈቅዳችኋል» ብሎ ይመልሳል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምፈልገው ይህን ክርክር ነው። ከሁለቱ ማን እውነት እንደ ተናገረ ማወቅ ብቻውን አይበቃኝም፤ ሰው እውነት እየተናገረ እንዴት ከዕዳ ለማምለጥ እንደሚሞክር ማየት እሻለሁ።

ስለ ጦርነት በጠቅላላው ብናገር ነገሩ በአየር ላይ ይቀርብኛልና አንድ የታወቀ ጦርነት ልውሰድ። ይኸውም አሜሪካና እንግሊዝ በ2003 ዓ.ም. በኢራቅ ላይ የከፈቱት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የመረጥሁት ማን ምን እንዳለ፥ ማንስ በየትኛው በኩል እንደ ቆመ በመዝገብ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እንደ ፈቃዱ ይተርከው ነበር፤ የድምፅ መዝገብ ግን ሰውን አያባብልም።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጦርነት የማወጅን ሥልጣን የሰጠው ለምክር ቤቱ ነው። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽም ጦር ለማዝመት ባሰቡ ጊዜ ነገሩ በኦክቶበር 2002 ዓ.ም. ለሁለቱ ምክር ቤቶች ቀረበ። እኛ በቀድሞው ዘመን በምንጠራቸው ስም ብጠራቸው፥ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት 296 ሰዎች ደግፈው 133 ተቃወሙ፤ በሕግ መወሰኛው 77 ደግፈው 23 ተቃወሙ። የፕሬዚዳንቱ ወገን የሆኑት ሪፑብሊካኖች በአንድነት ቆሙ፤ በመምሪያው 6፥ በመወሰኛው ደግሞ 1 ሰው ብቻ በተቃውሞ ተለየ። ዲሞክራቶቹ ግን ለሁለት ተከፈሉ። በመምሪያው 81 ደግፈው 126 ተቃወሙ፤ በመወሰኛው 29 ደግፈው 21 ተቃወሙ። ከደጋፊዎቹ መካከል ጆን ኬሪ፥ ሂላሪ ክሊንተንና ጆ ባይደን ይገኙ ነበር፤ ሦስቱም በኋላ በየተራቸው የዲሞክራቶቹ ዕጩ ሆነው ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረዋል።

ጦሩ በማርች 2003 ዓ.ም. ገባ፤ ባግዳድም በሳምንታት ውስጥ ወደቀች። ለዘመቻው ምክንያት የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችት ግን ተፈልጎ አልተገኘም። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በእርስ በርስ እልቂት ስትታመስ፥ ወደ 4,500 የሚጠጉ የአሜሪካ ወታደሮች ሲሞቱና ከመቶ ሺሕ የሚበልጡ የኢራቅ ሰላማውያን ሰዎች ሲያልቁ፥ የጥንቱ አንድነት ፈረሰ። ዲሞክራቱ «ይህ የቡሽ ጦርነት ነው» አለ። ሪፑብሊካኑም «የእናንተ ሰዎች ከእኛ ጋር አልመረጡምን? የሳዳም ሑሴይን መንግሥት እንዲወገድ መደገፍ የአሜሪካ መመሪያ ነው የሚለውን ሕግ በ1998 ዓ.ም. የፈረመው የእናንተው ፕሬዚዳንት ክሊንተን አይደለምን?» አለ።

ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ጦሩን ያዘዙት ቡሽ ናቸው፤ የዲሞክራቶቹ ድምፅና የክሊንተን ፊርማም በመዝገብ አለ። (ይሁን እንጂ የ1998ቱ ሕግ የአሜሪካን ጦር ለማዝመት ፈቃድ እንዳልሰጠ መናገር ይገባል፤ ይህን የሚረሱት ሆን ብለው ይመስለኛል።) ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚያነሡት እውነት የባላጋራውን ኃጢአት ነው እንጂ የራሱን አይደለም። እውነት በዚህ ጊዜ እንደ ጋሻ ሆኖ ያገለግላል፤ ጋሻ ደግሞ ፊት ለመሸፈኛ እንጂ ፊትን ለማሳያ አይያዝም።

አሁን ከሚሰጡት ምክንያቶች ጥቂቱን እንመልከት። የመጀመሪያው «ተታለልን» የሚለው ነው። መታለል በርግጥ ነበረ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. በጸጥታው ምክር ቤት ፊት ያቀረቡት ማስረጃ ብዙው ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል፤ እርሳቸውም ራሳቸው በኋላ ያንን ንግግር በስማቸው ላይ የቀረ ጉድፍ አድርገው ቈጥረውታል። ነገር ግን የምክር ቤቱ ሰዎች ድምፅ የሰጡት ከዚያ ንግግር አራት ወር ቀድመው ነው። በዚያም ጊዜ የስለላ መሥሪያ ቤቶቹ ያዘጋጁት ዘጠና ገጽ የሚያህል የምስጢር ጽሑፍ ቀርቦላቸው ነበር። በውስጡ አንዳንዶቹ መሥሪያ ቤቶች በማስረጃው እንደማይስማሙ ጭምር ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበቡት የመወሰኛው ምክር ቤት አባሎች ግን በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። ካነበቡት አንዱ የስለላ ጉዳይ ኮሚቴ ሊቀ መንበር የነበሩት ዲሞክራቱ ቦብ ግራም ናቸው፤ እርሳቸውም ተቃወሙ። ያነበበ ሁሉ ተቃወመ ማለቴ አይደለም፤ አንብቦ የደገፈም አለ። እኔ የምለው ይህን ነው፤ መብራት ቀርቦለት ሳያበራ በጨለማ የሄደ ሰው ገደል ቢገባ «መንገዱን ያሳየኝ ሰው አታለለኝ» የማለት መብቱ ግማሽ ነው። አታላዩ በዚህ ነጻ አይወጣም። ነገር ግን ሰዎችን ወደ ሞት ለመላክ እጁን የሚያወጣ ሰው ዘጠና ገጽ የማንበብ ግዴታ ከሌለበት፥ ግዴታ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይረቅቃል። «እኛ የመረጥነው ለጦርነት አይደለም፤ ፕሬዚዳንቱ በድርድር ላይ እንዲበረቱና ጠላት እንዲፈራ ብለን ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር በከፊል ቅንነት እንዳለበት አምናለሁ። ነገር ግን ጎረቤትህ ተቈጥቶ ወደ ባላጋራው ሲሄድ ጥይት የጐረሰ ጠመንጃ ብታውሰውና «ለማስፈራራት ብቻ ነው» ብትለው፥ ጠመንጃው ሲተኩስ የሰማህ ጊዜ ምን ትላለህ? ቃታውን የሳበው እርሱ ነው፤ የፊተኛው ዕዳም የእርሱ ነው። ጠመንጃው ግን ያንተ ነው። በሕግም በኅሊናም ሰጪና ተኳሽ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም፤ ነገር ግን ሁለቱም ከሚዛኑ ላይ ይወጣሉ።

ሦስተኛውን ምክንያት በአፉ የሚናገረው ሰው የለም፤ እኔ ግን ከሁሉ የበረታው እርሱ ይመስለኛል። ድምፁ የተሰጠው ከአገሪቱ የምክር ቤት ምርጫ በፊት አንድ ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ ነው። በ2001 ዓ.ም. ኒው ዮርክና ዋሽንግተን ከተመቱ በኋላ ሕዝቡ ፈርቶም ተቈጥቶም ነበርና «ፈሪ» ተብሎ ወንበሩን ማጣት ለብዙ እንደራሴ ከጦርነት ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ስለዚህ ዕዳውን ስንከታተለው ከምክር ቤቱ ደጃፍ ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ይሄዳል። ጦሩ በገባ ጊዜ አብዛኛው የአሜሪካ ሕዝብ ደጋፊ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን «እኔ ፊቱንም ደግፌ አላውቅም» የሚለው ሰው እጅግ በዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህም ጠባይ የአሜሪካኖች ብቻ አይደለም። የአቴና ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት በገዛ ድምፃቸው ታላቅ ጦር ወደ ሲሲሊ ላኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጦሩ እንዳለ መጥፋቱን ሲሰሙ፥ ዘመቻውን በመከሩት ተናጋሪዎች ላይ ተቈጡ፤ የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ እንደሚነግረን፥ ልክ እነርሱ ራሳቸው እንዳልወሰኑት ሆነው ነው የተቈጡት።

እንግሊዝ አገርም የሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። በማርች 18 ቀን 2003 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ዘመቻውን በ412 ድምፅ ደገፈ፥ 149 ተቃወሙ። መንግሥቱ የሌበር ፓርቲ ቢሆንም ከራሱ አባሎች ከመቶ የሚበልጡ ከዱት፤ ተቃዋሚ የሚባለው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ግን በብዛት ከጠቅላይ ሚኒስትር ብሌር ጋር ቆመ። ሮቢን ኩክ የተባሉት ሚኒስትር በዋዜማው ሹመታቸውን ለቀው ወጡ። ጉዳዩን የመረመረው ጉባኤ በ2016 ዓ.ም. ውጤቱን ሲያወጣ፥ የሰላም መንገድ ሁሉ ሳይሞከር ጦርነት እንደ ተጀመረ ገለጠ። ብሌርም «ኃላፊነቱን በሙሉ እቀበላለሁ» አሉ። ተቀበሉና ምን ከፈሉ? «ኃላፊነቱን እቀበላለሁ» የሚለው ቃል ዋጋ ሳይከፈልበት ሲነገር እንደ መልካም ልብስ የሚለበስ ነገር ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። ጦሩ ሊገባ ሲል አሜሪካ ከጎኗ የቆሙትን መንግሥታት ስም ስታወጣ የእኛይቱም ኢትዮጵያ ስም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። አንድም ወታደር አልላክንም። ነገር ግን ስም ማዋስም ነገር ነው፤ ዝርዝሩ የወጣው ዘመቻው የብዙዎች እንዲመስል ነበርና። ስለዚህ የሌላውን አገር ሰዎች ስንመረምር «ይህ እኛን አይነካም» ብለን እንድንቀመጥ አልወድም።

በአገራችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ለሥራ የተነገረ መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን ሰዎች ይህንኑ ለበደልም የሚሠራ አድርገው ያስባሉ። 373 ሰዎች በአንድነት እጃቸውን ቢያወጡ የእያንዳንዱ ድርሻ ከ373 አንድ እጅ ብቻ የሆነ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ ያለ ሸክም ደግሞ በእርግጥ ጌጥ ነው። በደል ግን እንደ ሎሚ አይቈጠርም። አሥር ሰዎች አንድ ገመድ ጐትተው አንድ ሰው ቢያንቁ፥ እያንዳንዳቸው አንድ አሥረኛ ሰው አልገደሉም። የጓደኛህ መብዛት ከብቸኝነት ያድንህ ይሆናል፤ ከሥራህ ግን አንዲት ቅንጣት አይቀንስልህም።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም እኩል ነው፤ ማን ንጹሕ አለ?» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ከፊተኞቹ ይልቅ እርሱን እጠረጥረዋለሁ። ይህ አነጋገር የፍርድ መልክ አለው እንጂ ፍርድ አይደለም። በሁለቱ ምክር ቤቶች 156 ሰዎች እንቢ ብለዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ምርጫ እየጠበቃቸው ነበር። «ሁላችንም በድለናል» ማለት እነዚህን ሰዎች መዝረፍ ነው። ደግሞም አዛዡንና ታዛዡን፥ ሐሰቱን ያቀረበውንና ሐሰቱን ያመነውን፥ የወገኑን ግፊት ተቋቁሞ የቆመውንና የተንሳፈፈውን በአንድ ጆንያ ይከታቸዋል። ከዚህ ሁሉ የሚጠቀመው ዋናው ባለዕዳ ነው። ብዙ ሰው ባለበት ጆንያ ውስጥ መሸሸግ ቀላል ነውና።

እኔ ወገንተኛውን የምፈትንበት አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለአንተም ይጠቅምህ ይሆናል። ስሞቹን ብቻ እንዲለዋውጥ እጠይቀዋለሁ። ጦሩን ያዘዘው የአንተ ፓርቲ ፕሬዚዳንት፥ የፈቀደው ደግሞ ያኛው ወገን ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን ከአዛዡ ነው ወይስ ከፈቃጁ የምታበዛው? መልሱ ከስሙ ጋር አብሮ ከተገለበጠ፥ ሰውዬው ስለ ጦርነቱ ሲናገር አልነበረም ማለት ነው። ይህ ከንቱ ግምት እንዳይመስልህ፤ በ2016 ዓ.ም. ጦርነቱን የጀመረው የሪፑብሊካን ፓርቲ ራሱ ያንን ጦርነት በአደባባይ ታላቅ ስሕተት ያለውን ዶናልድ ትራምፕን ዕጩው አደረገ፤ ዲሞክራቶቹ ደግሞ በዚያው ዓመት ጦርነቱን ደግፈው ድምፅ የሰጡትን ሂላሪ ክሊንተንን አቀረቡ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ጋሻዎቹ እጅ ተለዋወጡ።

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የኢራቅ ሰው አይሰማም። የሁለቱ ፓርቲዎች ሙግት አንዱ ሌላውን ለመርታት የሚደረግ ነው፤ ዳኛውም መራጩ አሜሪካዊ ነው። ባሏን ያጣችው የባግዳድ ሴት በዚህ ችሎት ከሳሽም ምስክርም አይደለችም። ዕዳ የሚባለው ነገር ግን ለአበዳሪው ነው የሚከፈለው፤ ሁለት ባለዕዳዎች «አንተ ትብስ» ሲባባሉ ቢውሉ የአበዳሪው ኪስ አይሞላም።

የ2002ቱ የፈቃድ ወረቀት ደግሞ ሳዳም በ2006 ዓ.ም. ከተሰቀለ በኋላም አልተሻረም። ኦባማ ሲመጡም ሲሄዱም በቦታው ነበረ፤ ሁለቱም ፓርቲዎች በየተራቸው ምክር ቤቶቹን በእጃቸው አድርገው ሳይነኩት አለፉ። በጃንዋሪ 2020 ዓ.ም. የኢራኑ ጄኔራል ቃሲም ሱለይማኒ በባግዳድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በአሜሪካ ሲገደሉ፥ መንግሥቱ ከጠቀሳቸው ሕጋዊ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ወረቀት ነበር። በማርች 2023 ዓ.ም. የመወሰኛው ምክር ቤት በ66 ድምፅ እንዲሻር ወሰነ፤ የመምሪያው ምክር ቤት ግን በዚያ ዓመት ነገሩን ለውሳኔ አላቀረበውም። ማን እንደ ጀመረ ሲከራከሩ ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀቱ በመሳቢያቸው ውስጥ ነበረ።