አባት ከሩቅ አገር ሲመለስ

ምንባብ፦ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25፣ ከቁጥር 14 እስከ 30



ከደጋው አገራችን ወደ ባሕር የሚወርድ ረጅም መንገድ አለ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የተነሣው በባቲ ቁልቁለት ወርዶ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣውም በአዋሽ አልፎ ሚሌ ላይ ይገናኛል፤ ከዚያም በጋላፊ ድንበሩን ተሻግሮ ጅቡቲ ይደርሳል። ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በባሕሩ ዳር፣ ዶራሌ የሚባለው ወደብ ይገኛል። የኮንቴይነሩ ማራገፊያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ልዩ ልዩ ጭነት የሚራገፍበት ሌላው ታላቅ ወደብ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ተመረቀ። አገራችን ከባሕር ማዶ ከምታስመጣው ዕቃ የሚበዛው በጅቡቲ በኩል ይገባል። የገበሬው ማዳበሪያ፣ የሕመምተኛው መድኃኒት፣ የቤቱ ብረት ሁሉ በከባድ መኪና ነጂዎች እጅ ያልፋል።

ከእነዚህም ነጂዎች ብዙዎቹ አባቶች ናቸው። እኛ በደጋው ክረምት ገብቶ በጋቢ ስንጠቀለል፣ በዚያው ወራት በዶራሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እነርሱ ግን ተራቸው ደርሶ እስኪጫንላቸው ድረስ በመኪናው ጋቢና ውስጥ ያድራሉ፤ ስለ ልጆቻቸው እንጀራ ላባቸውን ያፈሳሉ። ስለ ድካማቸው እግዚአብሔርን እናመሰግናለን፤ በጸሎታችንም ልንረሳቸው አይገባንም።

አሁን ግን ዐሳባችንን ከወደቡ አንሥተን ወደ ቤታቸው እንመልስ። አባት በሌለበት ቤት ልጅ ባጠፋ ጊዜ እናት ምን ትላለች? «አባትህ ይምጣ ብቻ! እነግርልሃለሁ» ትላለች። ይህን ቃል ያልሰማ ልጅ፣ ያልተናገረችም እናት በመካከላችን ጥቂት ናቸው። ጥፋቱ ይቈጠራል፤ ቅጣቱም ለአባቱ መምጫ ቀን ይቈያል። በመጨረሻም የመኪናው ድምፅ ከበር ሲሰማ፣ ሮጦ ሊያቅፈው የሚገባው ልጅ ከጓዳ ይሸሸጋል። አባቱ ስለ እርሱ ብዙ ሌሊት በሐሩር አድሮ መጥቷል፤ በእጁም ስጦታ ይዟል። ልጁ ግን ይህን አያውቅም። የሚያውቀው የሚመጣው ሊቀጣው እንደ ሆነ ብቻ ነው።

እኛ የምንፈራው ይህ ብቻ አይደለም። በዚያው ቤት ማታ ማታ ይጸለያል፤ ጌታ ኢየሱስ ዳግመኛ እንደሚመጣም ይነገራል። የአባቱን መመለስ እንደ ቅጣት ቀን የሚጠብቅ ልጅ የጌታን መመለስ እንዴት አድርጎ ይጠብቀው? «አባት» የሚለውን ቃል ከቤቱ ተምሮታል። እግዚአብሔር አባት ነው ሲባል የሚታየው ያው ፊት ነው።

ያነበብነው ወንጌል ስለዚህ ነገር ይናገረናል። አንድ ጌታ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሣ ገንዘቡን ለሦስት አገልጋዮች ዐደራ ሰጠ። ለአንደኛው አምስት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ ለሦስተኛውም አንድ መክሊት ሰጠው። አንድ መክሊት እንኳ ጥቂት ገንዘብ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የአንድ የቀን ሠራተኛ የሃያ ዓመት ያህል ደመወዝ ነበር። ሁለቱ ነግደው አተረፉ። ሦስተኛው ግን መሬት ቈፍሮ ቀበረው። ጌታው ተመልሶ በጠየቀው ጊዜ ምክንያቱን ገለጠ፤ ጌታው ጨካኝ፣ ካልዘራበትም የሚያጭድ ሰው እንደ ሆነ ዐውቆ ስለ ፈራ እንደ ቀበረው ተናገረ።

ወዳጆች ሆይ፤ የዚህን ሰው ስሕተት ልብ እንበል። ሰነፍ መባሉ እውነት ነው፤ የስንፍናው ሥር ግን ስለ ጌታው ባለው ዐሳብ ውስጥ ነበር። የሃያ ዓመት ደመወዝ ያህል በእጁ ያለ ዋስ የተቀበለ ሰው ጌታውን ጨካኝ ብሎ ጠራው! ጌታው ያመነው መሆኑን የሚመሰክረው ገንዘብ በእጁ ሳለ፣ እርሱ ግን ፍርሃቱን አመነ። ፍርሃቱም አላተጋውም፤ እንዲቀብር አደረገው እንጂ። በፍርሃት ብቻ ያደገ ልጅም እንዲሁ ነው። በአባቱ ፊት ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ወላጆቹ ጨዋነት ይሉታል። ነገር ግን ጥያቄውን፣ በደሉን፣ ኀዘኑን፣ እግዚአብሔር የሰጠውን ስጦታ ሳይቀር ቀብሮ ይኖራል። ዐድጎ ከቤት በወጣ ጊዜ ከአባቱ ጋር ጸሎቱንም ትቶ ቢሄድ ልንደነቅ አይገባንም።

ወላጅ ልጁን የሚይዘው እግዚአብሔር እርሱን እንደሚይዘው በሚያስበው መጠን ነው። እግዚአብሔር ጥፋትን የሚቈጥር ብቻ ነው ብሎ የሚያምን አባት የልጁን ጥፋት ይቈጥራል። እግዚአብሔር ሩቅ ነው፣ እንጀራ ይሰጣል እንጂ አይቀርብም ብሎ የሚያስብ አባት ገንዘብ ልኮ ዝም ይላል። እግዚአብሔር ምንም ቢደረግ የማይገደው ነው ብሎ የሚገምት ደግሞ ልጁን ልቅ ይተወዋል። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ እግዚአብሔርን ሲያቃልሉ ዐውቆ ስላልከለከላቸው በቤቱ የመጣውን ጥፋት በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል እናነባለን። ስለዚህ ተግሣጽ ይቅር አንልም። ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በ12ኛው ምዕራፉ እንደሚያስተምረን፣ ጌታ የሚገሥጸው የሚወደውን ነው። የሚገሥጽ አባት ግን ልጁን ወደ ራሱ ያቀርበዋል፤ የሚያስፈራራ ያርቀዋል። ሐዋርያው ጳውሎስም በኤፌሶን 6፣ 4 ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ ወደ አባቶች ተመልሶ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ የሚያስጠነቅቃቸው ስለዚህ ነው።

እናቶችም ልብ ይበሉ። «እግዚአብሔር ያይሃል» የሚለው ቃል በቤታችን ማስፈራሪያ ሆኗል። አጋር ግን በምድረ በዳ ብቻዋን ሳለች እግዚአብሔር እንደሚያያት ባወቀች ጊዜ ተጽናናች፤ ይህም በዘፍጥረት 16 ተጽፏል። ያው ቃል ለእርስዋ መጠጊያ ነበር። ልጁ በጨለማ ሲፈራ፣ ሲታመም፣ አባቱም በሩቅ መንገድ ሳለ «እግዚአብሔር ያይሃል፤ አባትህንም በመንገዱ ያየዋል» ብንለው፣ ስሙን በደስታ ይጠራዋል።

የአባታችን የሉተር ሕይወት ይህን ነገር ያስረዳናል። በልጅነቱ እናቱ ስለ አንዲት ለውዝ ደም እስኪወጣው ድረስ እንደ ገረፈችው፣ አባቱም አንድ ጊዜ ክፉኛ ቢመታው እንደ ሸሸውና አባቱ ልቡን ለመመለስ እንደ ደከመ ራሱ በማዕዱ ሲጫወት ተናግሯል። ወላጆቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ በጎውን አስበው ነበር። ይሁን እንጂ ሉተር ክርስቶስን ሊፈርድበት እንደ ተቀመጠ ዳኛ ብቻ አድርጎ እየፈራ ብዙ ዘመን ተጨነቀ። በኋላ ግን ጽድቅ በእምነት የሚሰጥ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ከቅዱስ መጽሐፍ ባገኘ ጊዜ የእግዚአብሔርን የአባትነት ፊት አየ።

በ1530 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ሉተር ከቤቱ ርቆ በኮቡርግ ግንብ ተቀምጦ ሳለ፣ የአባቱ ሞት ተነገረው። መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ገብቶ አለቀሰ። ለወዳጁ ለሜላንክቶንም ስለ አባቱ ፍቅር ጻፈለት፤ እግዚአብሔር በዚያ ሰው ላብ እንዳሳደገው መሰከረ። በዚያው ወር፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ፣ አራት ዓመት ለሆነው ለልጁ ለሃንስ ደብዳቤ ላከለት። ደብዳቤው የሚናገረው የሚጸልዩ ልጆች ስለሚጫወቱባት ስለ አንዲት ያማረች የአትክልት ስፍራ ነው፤ በእርስዋም ፍሬ፣ ትንንሽ ፈረሶችም አሉ። እነሆ፣ በፍርሃት ያደገው ልጅ አባት በሆነ ጊዜ ለልጁ እግዚአብሔርን ያስተዋወቀው እንዲህ ነው! ሩቅ ነበረ፤ ብዙ ሥራም ነበረበት፤ ነገር ግን ልጁ እርሱንም እግዚአብሔርንም በናፍቆት እንዲጠብቅ አደረገ። ዛሬ በዶራሌ ተራ የሚጠብቅ አባት በእጁ ስልክ አለው። ስለ ትምህርት ቤት ወጪ ብቻ ሳይሆን፣ ከልጁ ጋር ጥቂት ተነጋግሮ «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት አብሮት ቢጸልይ ምን ይከለክለዋል?

ይህን ጸሎት ጌታ ሲያስተምረን «አባቴ» ሳይሆን «አባታችን» እንድንል ማስተማሩን እናስተውል። አባት ከልጁ ጋር ተንበርክኮ ይህን ሲጸልይ እርሱም ልጅ ነው፤ በአንዱ አባት ፊት ከልጁ ጋር ወንድማማች ነው። ዕዳውም እንዲተውለት በልጁ ፊት ይለምናል። እንዲህ ያለ አባት ያለ አግባብ በመታው ልጅ ፊት «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» ሊል ይገባዋል። ይህ በአገራችን ልማድ ከባድ ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ታናሽ ታላቁን ይቅርታ ይለምናል እንጂ ታላቅ ታናሹን አይለምንም እንላለን። ነገር ግን ልጅ ይቅርታን ከአባቱ አንደበት ካልሰማ ከወዴት ይማራል? አባት በዚህ ክብሩ አይቀንስም። ልጁ በዚያ ቀን ከአባቱ በላይ ጻድቅና መሐሪ የሆነ አባት እንዳለ ያውቃል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «እኔ ራሴ ደግ አባት አላየሁም፤ ለልጄ ምን ላሳየው?» ይል ይሆናል። ኦኔሲሞስ ነሲብን እናስበው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ ተሰርቆም ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ተሸጠ። በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነጻ ወጥቶ ለስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮን ተሰጠ። የሚያውቃቸው ጌቶች ገዝተው የሚሸጡ ነበሩ። ነገር ግን የማይሸጠውን አባት በክርስቶስ አገኘ፤ የእርሱንም ቃል ለወገኖቹ በኦሮምኛ ተረጐመ፤ መጽሐፍ ቅዱሱም በ1899 ዓ.ም. ታተመ። እንግዲህ የሰው አባትነት ቢጐድል የእግዚአብሔር አባትነት አይጐድልም። እግዚአብሔርን በአባታችን ፊት ብቻ አንመዝነው፤ አባትነታችንን በእግዚአብሔር ፊት እንመዝነው እንጂ። ያም ፊት በኢየሱስ ክርስቶስ ተገልጦልናል።

አባቶቻችን «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ይላሉ። እግዚአብሔር እኛን እንዲሁ ወደደን፤ እስክንነጻ ሳይጠብቅ፣ ገና ኀጢአተኞች ሳለን ልጁን ስለ እኛ ሰጠ። ይህን ያመነ ወላጅ ልጁን ከነጥፋቱ ይቀበለዋል፤ ከተቀበለውም በኋላ ያጥበዋል።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፤ አባት በሚመለስበት ቀን የበደልን መዝገብ አታቈዩለት። ጥፋቱን በጊዜው ገሥጻችሁ ጨርሱት፤ ልጆቻችሁንም አባታቸው ስለ እነርሱ እንዴት እንደሚደክም ንገሩአቸው። እናንተም አባቶች፣ ከረጅም መንገድ ስትገቡ ቀድማችሁ ልጃችሁን እቀፉ፤ የቀረው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በሉቃስ 15 ያለው አባት ልጁ የተዘጋጀበትን ኑዛዜ ተናግሮ ሳይጨርስ አስቀድሞ ሮጦ አንገቱን ዐቅፎታልና። የመኪናው ድምፅ ሲሰማ ልጆች ወደ በር የሚሮጡበት ቤት የጌታን መምጣት በደስታ የሚጠብቅ ቤት ይሆናል።

እንጸልይ። ቸር አባት ሆይ፤ አንተን ጨካኝ አድርገን ስላሰብንበት፣ በዚህም ዐሳብ ልጆቻችንን ስላስጨነቅንበት ጊዜ ሁሉ ይቅር በለን። በመንገድ ያሉትን፣ በወደብ ተራ የሚጠብቁትን አባቶች ጠብቃቸው፤ በሰላምም ወደ ቤታቸው መልሳቸው። የወላጆችን ልብ ወደ ልጆች፣ የልጆችንም ልብ ወደ ወላጆች መልስ። ልጅህ በክብር ሲመጣ፣ ከነልጆቻችን ሳንሸሸግ ልንቀበለው እንድንችል በመንፈስ ቅዱስህ አዘጋጀን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።