የሁሉ የሆነ ነገር ዋጋው ያንሳልን?

ብዙዎች የሚካፈሉት ነገር ክብሩ ይቀንሳልን? በድሬዳዋ ለምንኖር ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የደቻቱ አሸዋ የሁሉ ነው፤ የከዚራ ዛፎች ጥላም እንዲሁ። ጥራጊውን በአሸዋው ላይ የሚደፋ ሰው ታዲያ የማንንም ንብረት የነካ አይመስለውም።

የኅትመት ሥዕል ሙያ ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ይሆነናል። በአገራችን ሙያውን ካስተማሩት አንዱ የጀርመን ተወላጁ ሐንሰን ባሂያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው በእንጨት ላይ መቅረጽን ነው። የከተማ መናፈሻን በድንጋይ ኅትመት፣ ማለት በሊቶግራፊ፣ ከሠሩት አንዱ ግን ፈረንሳዊው ኤድዋር ቩያር ነው። ሠዓሊው በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይሥላል፤ ድንጋዩ በውኃ ሲርስ የኅትመቱ ቀለም ቅባቱ ባለበት ብቻ ይይዛል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ድንጋይ ያስፈልጋል። ቩያር እ.ኤ.አ. በ1896 በዚህ ጥበብ የፓሪሱን የቱይለሪ መናፈሻ ሣለ። ስፍራው ቀድሞ የነገሥታት ነበር፤ በኋላ ለሕዝብ ተከፈተ።

አሳታሚው አምብሯዝ ቮላር ያወጣው ግን 100 ቅጂ ነው። የተወሰነው ቁጥር ሲሞላ ሥዕሉን ከድንጋዩ መፋቅ የሙያው ልማድ ነው። የሕዝብ መናፈሻ ሥዕል፣ ሌላው ስላጣው ብቻ ለባለ ገንዘቡ ይወደድለታል። ነጋዴውን አልወቅስም፤ ሠዓሊም እንጀራ መብላት አለበት። ሆኖም ብርቅነትንና መልካምነትን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው። የኢየሱስ ቅዱስ ልብ ሥዕል በዚሁ ጥበብ በብዙ ሺህ እየተባዛ ወደ ድሆች ቤት ገብቷል፤ በፊቱ የምትጸልይ እናት ጎረቤቷም ያንኑ ስለሰቀለች አልናቀችውም።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ ሰው ንብረትን በግሉ ማስተዳደር ቢችልም፣ ለተቸገረ በማካፈል እንደ ጋራ ሊጠቀምበት ይገባል ይላል። ይኸው መምህር ሌላም ነገር አስተውሏል፤ የጋራ የሆነውን ሥራ እያንዳንዱ ለሌላው ይተወዋል። ደቻቱ ይህን በመራራ መንገድ አሳይቶናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ውኃው የመጣው ከከተማው በስተደቡብ ካሉት፣ ደናቸው ከተመናመነ ተራሮች ነው። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። በተራራው ላይ ያለውን ችግኝ ከፍየል የሚጠብቀው ማን ነው ሲባል ግን፣ ዛሬም ሁሉም ወደ ጎረቤቱ ያያል።