ለልደት ሳምንትሽ

ልጄ፣ እናትሽ እንደነገረችኝ ዘንድሮ ልደትሽን በአዳራሽ አታከብሪውም። በጥቅምት አጋማሽ ፈቃድ ወስደሽ፣ ሳምንቱን ሙሉ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ እየዞርሽ የዱር አራዊትና አዕዋፍ ልታዪ ነው። ስሰማ ደስ አለኝ። ለአንድ ምሽት ድግስ ሰው የሚበደርበት ዘመን ነው። አንቺ ግን አገርሽን ልታዪበት አስበሻል። እግዜር ይባርክሽ።

በእኛ ልጅነት ልደት ማክበር አልተለመደም። ክርስትና ነበር፤ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ። ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን በውል አናውቀውም። ያም ሆኖ ማክበርሽን አልነቅፍም። ዕድሜ የሰጠን አምላክ ማመስገን መልካም ነው፤ ጫካ ውስጥም ቢሆን መልካም ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። የጻፍሽውን ዝርዝር እናትሽ አሳይታኛለች። ሰኞ ቢሾፍቱ፣ ማክሰኞ ዝዋይ፣ ረቡዕ ሐዋሳ፣ ሐሙስ አቢያታ፣ ዓርብ ደብረ ሊባኖስ፣ ቅዳሜ ወንጪ። ልጄ፣ ሐዋሳ ብቻውን 275 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሳምንትሽ መኪና ውስጥ ያልቃል። የሄድሽባቸውን ቦታዎች ስም ትቆጥሪያለሽ እንጂ ምን እንዳየሽ ስትጠየቂ መልስ ያጥርሻል። እባክሽን ዝርዝሩን ቀንሺው። የዱር እንስሳ የሚታየው ቁጭ ላለ ሰው ነው። ቸኩሎ ለመጣ ሰው አይታይም።

የመጀመሪያውን ቀን ከቤትሽ አትራቂ። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሺና በረንዳው ላይ ተቀመጪ። ጧት ጧት በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን፣ መንቆሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነውን ትልቅ ወፍ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሽዋል። ልብ ብለሽ አይተሽው ግን አታውቂም ብዬ እሰጋለሁ። ሜዳ ላይ ሲወርድ እይው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቀስ እያለ ይራመዳል፤ መንቆሩን ሳሩ ውስጥ እየሰካ ትል ይለቅማል። ጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለ ቆዳ አለው። ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይኖርም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቆረ ወፍራሙ ቁራም ከአፍሪካ ቀንድ አይወጣም። የውጭ አገር ሰው እነዚህን ለማየት ባሕር አቋርጦ ይመጣል። አንቺ አጥርሽ ላይ አሉልሽ።

ጥቅምት ደግሞ ደግ ወር ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ሳሩ ገና አልደረቀም። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሚሸሹ ወፎች የሚገቡትም በዚህ ሰሞን ነው። ከሚግጥ ከብት እግር ሥር ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሮጥ ቢጫ ወፍ ካየሽ፣ እርሷ የሩቅ አገር እንግዳ ናት። በአገራችን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል። ሁሉን ልወቅ አትበይ። አምስቱን በደንብ እወቂ፤ ለዘንድሮ ይበቃሻል።

እንጦጦ ከወጣሽ አንድ ነገር አስተውዪ። አብዛኛው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ። ባሕር ዛፉ መሐል ብዙ ወፍ አታገኚም። ጥዱና ቁጥቋጦው ወደ ቀረበት ሂጂ። ጉለሌ እጽዋት ማዕከልም የአገር በቀል ዛፍ ስላለ ለወፍ የተሻለ ነው።

ወደ ጉለሌ ስትሄጂ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። አደራ። ልደትሽ የእርሷም ቀን ነው፤ ያማጠችው እርሷ ናት። ጉልበቷ ረጅም ዳገት አይችልም፤ ስለዚህ ጥላ ባለበት አረፍ እያላችሁ ሂዱ። የተወለድሽ ዕለት ሰማዩ እንዴት እንደነበር፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተበላ ጠይቂያት። ወጣት ሲኮን የማይጠየቅ ነገር ነው። ኋላ ደግሞ የሚመልስ ይጠፋል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። መናገሻ ሱባ ሂጂ። ዝርዝርሽ ውስጥ የለም፤ አስገቢው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሰበታ በኩል ነው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙ አይዘልም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጼ ዘርዓ ያዕቆብ ዛፍ አስተክለውበታል ተብሎ የሚነገርለት የወጨጫ ተራራ ጫካ ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው አሁንም አለ። ደጃፉ ላይ ክፍያሽን ክፈዪ፤ መንገዱን የሚያውቅ ጥበቃ ይዘሽ ግቢ። ከዚያ መንገድ ዳር አንድ ቦታ ምረጪና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ግማሽ ሰዓት። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።

በመጀመሪያ ምንም የለም። ትሰለቺ ይሆናል። ታገሺ። ቆይቶ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ትሰሚያለሽ። ጉሬዛ ነው። ጥቁር ነው፤ ትከሻውና ጎኑ ላይ ነጭ ረጅም ጸጉር ይወርዳል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ያ ጸጉር በአየር ላይ ይበተናል። እናቶቹን በደንብ እይ። አንዳንዷ እቅፏ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል ትይዛለች። በሽታ አይምሰልሽ፤ የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ እንዲያ ነጭ ነው፤ ወራት ሲቆጠር ነው የሚጠቁረው። ይህን የሚያየው የቆየ ሰው ነው። ድኩላም አለ፤ ጠቆር ያለው የደጋ ድኩላ። እርሱ ግን ኮቴ ከሰማ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፤ አትከተዪው።

ልጄ፣ አደራ የምልሽ ነገር እዚህ ላይ ነው። ምንም እንስሳ አታብዪ። ዳቦም፣ ሙዝም፣ ብስኩትም፣ የልደት ኬክም። ያዘንሽለት ይመስልሻል። ጉሬዛ ሆዱ የተሠራው ቅጠል ቀስ ብሎ ለማብላላት ነው፤ ዳቦና ጣፋጭ ያሳምመዋል። ጦጣና ዝንጀሮ ደግሞ ከሰው እጅ መብላት ከለመዱ በኋላ ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። መንገድ ዳር ተቀምጠው መኪና ይጠብቃሉ፤ ይገጫሉ። ከሕፃን እጅ ይነጥቃሉ፤ ይናከሳሉ። ከዚያ ገበሬውም፣ ሆቴሉም በድንጋይና በዱላ ያባርራቸዋል። አንቺ ሙዝ ሰጥተሽ ፎቶ አንስተሽ ሄድሽ። ዱላው የመጣው ግን ካንቺ ሙዝ ነው። ይህን ክፉ ሰው አያደርገውም፤ ደግ ሰው ነው የሚያደርገው። ለዚህ ነው ደጋግሜ የምነግርሽ።

ሌላው ጩኸቱ ነው። ጓደኞችሽ ስፒከር ይዘን እንምጣ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ጫካ መግባት ሰው ቤት መግባት ነው፤ የሰው ቤት ገብተሽ በር በርግደሽ አትጨፍሪም። ጭፈራው ማታ ቤት ይሁን። ፊኛም አታንጠልጥሉ። ፊኛው ይፈነዳል፤ ቁራጩን ከብትም፣ ወፍም ይውጠዋል። ሃይላንዱን፣ ፌስታሉን፣ የሙዙን ልጣጭ ሳይቀር ይዛችሁ ተመለሱ። ስንቅሽን በሰሃንና በጨርቅ ቋጥሪው። ቆሎና ድፎ ዳቦ ለመንገድ ይመቻል፤ ቆሻሻም የለው።

ቢሾፍቱ ከጓደኞችሽ ጋር ሂጂ፤ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከሐይቆቹ ሁሉ ጨለለቃ ነው ለወፍ የሚሻለው፤ ጥልቀት ስለሌለው ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ይቆሙበታል። ሌሎቹ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ናቸው፤ ከዳርቻው ጥቂት እንደራቅሽ ይጠልቃሉ። ዋና የማይችል ጓደኛ ካለ ተጠባበቁ።

ዝዋይ ግን ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ እዚያው እደሪ። 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልስ ያደክማል። ጧት ወደ አሣ አስጋሪዎቹ ወደብ ውረጂ። ጀልባው ሲመለስ አሣው እዚያው ይበለታል። አባ ኮዳዎቹ በዙሪያው ቆመው ይጠብቃሉ፤ ራሳቸው መላጣ፣ ጉሮሯቸው ሥር ቀላ ያለ ከረጢት የተንጠለጠለ። ሰው መልካቸውን አይወድም። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ። የተጣለውን አንጀትና ጭንቅላት እነርሱ ባያነሱት ወደቡ ይሸታል። ምግብ ፍለጋ ሲሻኮቱ ለማየት ብዙ ሰዓት ብትቆሚ አይቆጭሽም። ዝዋይ ውሃ ውስጥ ግን እግርሽን አታስገቢ፤ ቢልሃርዝያ አለበት።

ጉማሬ ለማየት ጀልባ ስትከራዪ የሚንሳፈፍ ጃኬት ጠይቂ። የለም ካሉሽ አትውጪ። ቀልድ የለውም። ባለ ጀልባውን "ጠጋ በልልኝ" ብለሽ አትለምኚው፤ ገንዘብ ስላየ እሺ ይልሻል። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሲመሽ ሳር ሊግጥ ይወጣል። በእርሱና በውሃው መካከል የገባ ሰው ከባድ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዳርቻው ራቂ።

ዝዋይ አድረሽ በማግስቱ አቢያታ መድረስ ትችያለሽ። አጠገቡ ያለው ሻላ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ አቢያታ ግን ጥልቀት የለውም፤ እየሸሸም ነው። ወደ እርሱ የሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ነው የሚመጣው። ላይ ለመስኖ ሲሳብ ታች ይጎድላል። ለሶዳ አሽ ደግሞ ከራሱ ከሐይቁ ተስቧል። ድሮ ውሃ የነበረበት አሁን ነጭ ሜዳ ነው። ፍላሚንጎዎቹን በዚያ ሜዳ ማዶ ታያቸዋለሽ። ጭንቅላታቸውን ገልብጠው፣ መንቆራቸውን ውሃው ውስጥ እያጠለቁ ይመገባሉ። ሾፌሩ "በመኪና እንጠጋ" ካለሽ እምቢ በዪ፤ ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ሥሩ ጭቃ ነው፤ መኪና ይውጣል። ሮጠሽም አታስነሻቸው። ሲበሩ ለቪዲዮ ያምራሉ፤ አውቃለሁ። እነርሱ ግን ሊበሉ ነው እዚያ የቆሙት። ቀኑን ሙሉ በየተራ የመጣ ሰው ካስነሳቸው መቼ ይበላሉ? ከቆምሽበት እይ። ቆመሽ ካየሽ ራሳቸው ወዳንቺ ሊቀርቡ ይችላሉ።

ደብረ ሊባኖስ ከመሄድሽ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ጠይቂ፤ ካልተረጋገጠልሽ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ገደሉ የትም አይሄድም። ከሄድሽ ግን በጧት ሁን። ጭላዳ ዝንጀሮ ማታ ገደሉ ውስጥ ያድርና ጧት አፋፉ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከዚያ ቁጭ እንዳለ ሳሩን በጣቱ እየነጨ ይበላል፤ ከቦታ ቦታ ሲሄድም ብዙ ጊዜ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ቆዳ ታዪዋለሽ። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየሽ የሳቀልሽ አይምሰልሽ፤ "ራቂ" ማለቱ ነው። ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ በዪ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳትም ይቅርብሽ፤ እናትሽ አንድ ልጅ ናት ያለቻት።

ሐዋሳና ወንጪ ለከርሞ ይቆዩ። ከርሞም ልደት አለ፤ እግዜር ያድርስሽ።

ገንዘብሽን ለየአካባቢው ሰው አድርሺው። ለአስጎብኚው፣ ለባለ ጀልባው፣ ቡና ለምታፈላዋ እናት። በዋጋ አትከራከሪያቸው። ጫካውና ሐይቁ ለእነርሱ እንጀራ ከሆነ ይጠብቁታል፤ ካልሆነ ዛፉ ከሰል ይሆናል። ማታ ማታ ያየሽውን በደብተር ጻፊ። ስሙን ባታውቂው ቀለሙን፣ የነበረበትን ዛፍ፣ ሰዓቱን ጻፊ። ስሙ ኋላ ይጠየቃል።

ባይናኩላሬን አውስሻለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብቅ በዪና ውሰጂው። መስታወቱን በነጠላሽ ጫፍ አትጥረጊው፤ ይጫጫራል፤ ማኅደሩ ውስጥ ለስላሳ ጨርቅ አለ። ከመሄድሽም በፊት ጓሯችን ውስጥ ትለማመጂበታለሽ። ወፏን መጀመሪያ በባዶ ዓይንሽ ያዢያት፤ ከዚያ ዓይንሽን ሳትነቅዪ ባይናኩላሩን ወደ ዓይንሽ አምጪው። ብዙ ሰው መስታወቱን አስቀድሞ ወፏን በእርሱ ይፈልጋል፤ እስኪያገኛት በርራ ትሄዳለች። እናትሽን ይዘሻት ነይ፤ ምሳ አብረን እንበላለን።