መርከቧ የጋራችን ናት



ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የነገሩንን የመርከብ ምሳሌ ታውቁታላችሁ። ተሳፋሪዎቹ ዕጣ ጥለው ገሚሱ ላይ፣ ገሚሱ ታች ሆነ። የታችኞቹ ውሃ ለመቅዳት ላይኞቹን ማስቸገር ስለከበዳቸው ወለሉን ሊበሱ አሰቡ። ላይኞቹ ዝም ካሉ ሁሉም ይሰጥማል፤ እጃቸውን ከያዟቸው ሁሉም ይድናል።

ከወልድያ፣ ከመርሳ፣ ከሀብሩ ገጠሮች በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር የወጣ ልጅ የማያውቅ ማን አለ? ሐምሌ 2017 የመን፣ አብየን አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ ከ90 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ታዲያ ቀዳዳው የተጀመረው ባሕሩ ላይ ነው? ከሳዑዲ በመጣ ብር የተሠራውን ቤት እያሞገስን፣ እዚሁ ሽንኩርት የሚያለማውን «ምን ሠራ?» ስንል፣ ደላላውን እያወቅን ዝም ስንል ቀዳዳውን የምናሰፋው እኛው ነን።

ደግሞ አስተውሉ፤ የታችኞቹ ጥፋት መጠማታቸው አልነበረም። «አትሂድ» ማለት ብቻውን ጥም አይቆርጥም። ሥራ የሚያውቅ ያሳየው፣ መሬት ያለው የእኩል ይስጠው፣ ብር ያለው ያበድረው። እጅ መያዝ ማለት ውሃ ማቀበልም ነው።

ለመሄድ የቆረጠ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። አላህ በባሕር ላይ ያሉትን ይጠብቅልን። አሚን።