ፎቶህ ምን ብሎ መሰከረ?



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ሁላችንም በየኪሳችን ይዘናት ስለምንዞረው ካሜራ ነው። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር "ኡስታዝ፣ ፎቶ ማንሳት እንዴት ነው? ይቻላል ወይ?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ዛሬ ግን እኔ ልጠይቃችሁ። ይቻላል ብለን ካነሳን በኋላስ? ያ ፎቶ ምን ተናገረ? እውነት ነው የተናገረው ወይስ ውሸት?

እኔ የፎቶ ባለሙያ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ በገዛኋት አሮጌ ካሜራ የተጀመረ ልማድ ነው፤ ዛሬ በስልኬ ቀጥሏል። ከደርስ መልስ ጊዜ ሳገኝ ደመናውን፣ ዛፉን፣ ወፉን አነሳለሁ። በሱረቱል ሙልክ መጀመሪያ ላይ አላህ ሰማዩን እንድናይ፣ አይተንም ዓይናችንን እንደገና እንድንመልስ ያዘናል። ለእኔ ካሜራዋ ያንን ሁለተኛውን እይታ የምታስታውሰኝ ናት። ቢያንስ እንዲያ ብዬ አስብ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ከደረሶቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣን። ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን፣ ስካውት ይዘን በጠዋት ቡይት ራስ ደረስን። ቡይት ራስን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። በሳሩ ሜዳ ላይ ስትሄዱ ምድሩ በድንገት ያልቅና ከእግራችሁ ሥር ገደል ይከፈታል። ጭላዶቹ ሌሊቱን ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይመጣሉ። ከዚያ ተቀምጠው ሳር መንጨት ነው፤ ሰው አጠገባቸው ቢቆምም እምብዛም አይደነግጡም። ሱብሓነላህ! ይህ ፍጥረት ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የትም አይገኝም።

ከደረሶቼ አንዱ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ጋ ቀስ እያለ ተጠጋ። ጭላዳው የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን አሳየው። ልጁ ቀጭ አደረገና "ኡስታዝ፣ ሳቀልኝ! ሳቀልኝ!" እያለ መጣ። ስካውታችን ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው ሲያዩት ቆይተው፣

"አልሳቀልህም ልጄ፤ ቀርበኸዋል፣ ራቅ በል ነው የሚልህ" አሉት።

እውነታቸውን ነው። ጭላዶችን ያጠኑ ተመራማሪዎችም የከንፈር መገልበጡ የሳቅ እንዳልሆነ ይናገራሉ፤ ሲፈሩ፣ ሲጋፈጡ ወይም ሲለማመጡ የሚያሳዩት ምልክት ነው። ልጁ ግን ገና ደባርቅ ሳንመለስ "ሳቀልኝ" ብሎ ፎቶውን ለጥፎት ነበር። ፎቶው አልዋሸም። የዋሸው ከሥሩ የተጻፈው ቃል ነው።

በልጁ ሳቅሁበት። ግን ወላሂ፣ የእኔ ከእሱ የባሰ ነበር።

ከዚያ ጉዞ ቀደም ብዬ ከሳንቃበር ወዲያ የጅንባርን ወንዝ ተሻግሬ ግጭ ደርሼ ነበር። ማለዳ ነው። ሳሩ ወርቅ መስሏል፤ በመካከሉ ጅብራዎቹ ሰው መስለው ቆመዋል፤ ከወዲያ ሰማይና ገደል። አንድም ሰው፣ አንድም ቤት አይታይም። አነሳሁና "የሰው እጅ ያልነካው የአላህ ምድር" ብዬ ለጠፍኩት። ላይኩ ጎረፈ፤ ማሻአላህ የሚለው በዛ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከቀናት በኋላ ደባርቅ ውስጥ የዐስርን ሶላት ሰግደን ስንወጣ አንድ አባት ክንዴን ያዙኝ። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ስልክ ይዞ ቆሟል።

"ይህን ያነሳኸው አንተ ነህ አሉ?"

"አዎ አባቴ፣ እኔ ነኝ።"

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኖሩ። "እዚህ ጋ ገብስ እዘራ ነበር። ከዚህ ከፍ ብሎ ቤቴ ነበረ።" ከዚያ ልጁ ጽሑፉን እንዲያነብላቸው ጠየቁት። ሲያነብላቸው ዝም ብለው ሰሙና፣

"ልጄ፣ የእኔ እጅ ነክቶታል" አሉኝ።

እንደ ጅብራ ተገትሬ ቀረሁ።

ታሪኩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የዱር እንስሳቱ እየተመናመኑ፣ እርሻውና ግጦሹ እየሰፋ ነበር። ግጭ ፓርኩ ውስጥ ያለ መንደር ነበር፤ ነዋሪዎቹም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራዎች ከዚያ ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዓመቱ፣ በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

እዚህ ላይ ማን ልክ ነበር፣ ማን አልነበረም ብዬ ልፈርድ አልተነሳሁም። ዋልያ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዱር የሚኖርበት ቦታ በዓለም የለም፤ እሱም የአላህ ፍጡር ነው፣ ምድሩም ላይ ድርሻ አለው። እኚህ አባትም የአባቶቻቸውን ማሳ ትተው ከተማ ገብተዋል። ሁለቱም እውነት ነው። የእኔ ፎቶ ግን አንዱን ተናግሮ ሌላውን ካደ። ያ ባዶ ሜዳ ሰው ያልነበረበት ሜዳ አልነበረም፤ ሰው የተነሳበት ሜዳ ነው። እኔ ያንን መጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። ውበቱ በቃኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቤ የሚመላለሰው ነገር ይህ ነው፤ ፎቶ ምስክርነት ነው። ፎቶ የምትለጥፍ ሰው "እዚያ ነበርኩ፣ እንዲህ አየሁ" እያልክ ነው። ያላየው ሰው ደግሞ አንተን አምኖ ያያል።

ምስክርነት በዲናችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ሰዎች የረመዷንን ጨረቃ ሲፈልጉ እሳቸው አይተው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩ፤ ነቢዩም ጾሙ፣ ሰዎችም እንዲጾሙ አዘዙ። ተመልከቱ! በአንድ ወጣት ዓይን አንድ ከተማ ጾመ። ያየነው ነገር የእኛ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዓይናችን ለሌላው ሰው አማና ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ኡስታዝ፣ ፎቶ እኮ ሁልጊዜ የሚያስቀረው ነገር አለ፤ ዓለምን ሁሉ ፍሬም ውስጥ ማስገባት አይቻልም" እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ምስክርም የሚያውቀውን ሁሉ እንዲዘረዝር አይገደድም። ስለ ጅብራው ልመስክር ካልኩ ስለ ጅብራው ብቻ መናገር እችላለሁ። ግን ሳልናገር በተውኩትና "የለም" ብዬ በካድኩት መካከል ልዩነት አለ። ፍሬሜ እኚህን አባት አላስገባም፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ እዚያ አልነበሩምና። ጥፋቱ "የሰው እጅ ያልነካው" ስል የመጣው ነው። መምረጥ የፎቶ አንሺው መብት ነው፤ መካድ ግን የማንም መብት አይደለም።

ይህ ነገር ወደ ካሜራው አሠራር ራሱ ይወስደናል። በባስራ በ965 አካባቢ የተወለዱት፣ ካይሮ ላይ የኖሩትና ያረፉት ኢብኑል ሀይሠም ስለ ብርሃንና ስለ እይታ ኪታብ አል-መናዚርን ጽፈዋል። ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ታላላቅ ሊቃውንት ብዙዎቹ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነገሩን ስለሚነካው ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሠም ተቃራኒውን አስረዱ፤ ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይን ይመጣል። በጨለማ ክፍልና በጠባብ ቀዳዳ፣ መብራቶችን ደርድረው ፈተኑት። ዛሬ በእጃችን ያለችው ካሜራም በመሠረቱ ጠባብ ቀዳዳ ያላት ጨለማ ክፍል ናት። ትምህርቱ ደስ ይላል፤ ማየት መቀበል ነው። እኛ ወደ ተራራው የምንልከው ነገር የለም፣ ተራራው ወደ እኛ ይመጣል።

ፎቶግራፍ ወደ ሙስሊሙ ዓለም ሲገባ ዑለማዎች ተከራክረውበታል። አንዳንዶቹ ከልክለዋል፤ እስከ ዛሬም የሚጠነቀቁ አሉ፣ ጥንቃቄያቸውም ይከበራል። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ደግሞ በፈቃጅነት ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። መነሻቸው ፎቶግራፍ አዲስ ምስል መፍጠር ሳይሆን አላህ የፈጠረውን ነገር ጥላ ማቆየት ነው የሚል ነበር። እኔ እዚህ ፈትዋ ልሰጥ አልተቀመጥኩም፤ በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎቻችሁን ጠይቁ። ግን ይህን ሐሳብ ለያዝን ሰዎች አንድ ጥያቄ ይከተለናል። የተፈቀደው ጥላን ስለምናቆይ ከሆነ፣ ያልነበረውን ጥላ ስንጨምርበትስ?

ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም። የዛሬ ስልክ አንድ ጊዜ ስንጫነው ብዙ ምስሎችን ወስዶ አንድ አድርጎ ያወጣል፤ ጨለማውን ያበራል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሰው ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ምስል ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ በስልኩ ሲያነሳው፣ ስልኩ በምስሉ ላይ ያልነበረውን ዝርዝር ጨምሮ ጥርት ያለች ጨረቃ አወጣለት። ወሬው በዓለም ተሰማ። እኔ የኢብኑ ዑመርን ጨረቃ አሰብኩ። አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት "ዋልያ በገደል ላይ፣ ጀምበር ስትጠልቅ" ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ማንም ያላየው ዋልያ፣ የትም የሌለ ገደል ላይ ቆሞ ይመጣል። ሰዉም ከሥሩ "ሱብሓነላህ" ይላል። ማንን ነው እያጠራን ያለነው? አላህ ያልፈጠረውን ዋልያ አሳይተን ሰውን ለአላህ ማስደነቅ አያስፈልገንም። የፈጠረው በቂ ነው፤ እሱን ፍለጋ መውጣት ነው ያቃተን።

ብርሃን ማስተካከል፣ ጫፉን መቁረጥ ውሸት ነው አልልም፤ እኔም አደርገዋለሁ። መለኪያዬ ይህ ነው። እዚያ ቦታ አብሮኝ የነበረ ሰው ፎቶውን ቢያይ "አዎ፣ እንዲህ ነበር" ይላል? እኚያ አባት የእኔን ፎቶ አይተው አላሉም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ ኢንሻአላህ። አንደኛ፣ ስልክ ከማውጣታችን በፊት በዓይናችን እንይ፣ የቦታውንም ሰው እንጠይቅ። ስካውቱ ስለ ጭላዳው፣ እረኛው ስለ ሜዳው ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ሁለተኛ፣ ሰው ስናነሳ እናስፈቅድ። በመንገድ ዳር የቆመ እረኛ ልጅ የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አይደለም፤ ክብር ያለው የአደም ልጅ ነው። ሦስተኛ፣ ከሥሩ የምንጽፈው ቃል ያየነውን እንጂ የተመኘነውን አይሁን፤ በማሽን የተሠራ ከሆነም "በማሽን የተሠራ ነው" እንበል። አያሳፍርም።

እኔ ፎቶውን አላጠፋሁትም። በሚቀጥለው ሳምንት እኚያን አባት ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ምን ብዬ ልጻፍበት አልኳቸው። ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ሳሩ አምሮበታል" አሉ። ዝም ብለው ቆዩና፣ "ግጭ ነው በል። ሰው ይኖርበት ነበር በል። ሌላ ምን ትላለህ?"

እንዳሉኝ ጻፍኩ። ላይኩ እንደ መጀመሪያው አልበዛም። ከደባርቅ ግን አንድ ልጅ "አያቴም እዚያ ነበር የተወለደው" ብሎ ጻፈልኝ።

ያ ረበና! ዓይናችንን ካላየነው ከመመስከር፣ ምላሳችንንና ጣታችንን ያየነውን ከመካድ ጠብቅልን። ተራሮቻችንን፣ በላያቸው ያሉትንም፣ ከላያቸው የተነሱትንም ጠብቅልን። አሚን።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ስልካችሁን ከፍታችሁ አንድ ፎቶ ምረጡ። ምን ብሎ እንደመሰከረ ጠይቁት።

መልካም ጁሙዓ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።